ወንድም ያርጣል እንዴ?

የአንባቢያን ጥያቄና የሐኪሙ መልስ

ጥያቄ፦

ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ። 48 ዓመቴ ነው። የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነኝ፤ ተሳቢ ነው የምነዳው። ቤተሰቤ አዳማ ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ራሴን አልመስልም። ከመንገድ ተመልሼ ቤት ስገባ ልጆቹ ሲንጫጩ እቆጣለሁ። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። ጎማ ስቀይር ክንዴ ይዝላል። ቦርጭ አውጥቻለሁ። ከባለቤቴ ጋር ያለውን ነገር እንዴት ብዬ ልጻፈው፤ ፍላጎቱ ጠፍቷል፣ ሲመጣም መሀል ላይ ይከዳኛል። እሷ «ሌላ ይዘሃል» ብላ ጠርጥራለች። ሎግያ ያገኘሁት አንድ ሾፌር «ወንድም እንደ ሴት ያርጣል እኮ፣ ሆርሞንህ ወርዶ ነው፣ መርፌ አለው» አለኝ። እውነት ነው? መርፌውስ የት ይገኛል? ሌላ በሽታ የለብኝም፣ ግፊት ብቻ ነው። መድኃኒት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ስሜን አያውጡ፣ ባለቤቴ መጽሔቱን ታነባለች።

ሾፌሩ፣ ከአዳማ

መልስ፦

ወንድሜ፣ እኔ 56 ዓመቴ ነውና አንተ ብልህ ቅር አይልህም። ስምህን አላወጣሁም። ባለቤትህ ግን ብታነበው አልጠላም። «ሌላ ይዟል» እያለች ከምትብሰለሰል «አሞታል» ብላ ብታውቅ ለሁለታችሁም ይቀላል።

ሎግያ ካገኘኸው ሰው ቃል ልጀምር። ሴት ታርጣለች። 50 ዓመት ገደማ ላይ የወር አበባዋ ይቆማል፣ ሆርሞኗም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይወርዳል። ወንድ ላይ እንዲህ ያለ ቀን የለም። ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን 40 ዓመት ገደማ ላይ መቀነስ ይጀምራል። ቅነሳው በአማካይ በዓመት 1 በመቶ ያህል ነው። መንገዱን ታውቀዋለህ፤ ከአዋሽ ወደ ሚሌ እንደመውረድ ነው። መውረድህ የሚታወቅህ ሙቀቱ ሲመታህ ነው። ብዙ ወንድ ደግሞ ምንም ሳይታወቀው ያረጃል። በ70 ዓመታቸው ልጅ ያቀፉ አባት በየሰፈሩ አሉ። ስለዚህ ማረጥ የሚለው ቃል ለእኛ አይሆንም።

ይህ ሆርሞን ምን እንደሚሠራ ገበሬ ከሐኪም ቀድሞ ያውቃል። ያደግሁት ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። አባቴ ኮርማ ሲያኮላሽ አይቻለሁ። ያ ሲያጓራ፣ አፈር ሲበትን፣ የጎረቤት ኮርማ ሲገጥም የነበረ እንስሳ ከጥቂት ወራት በኋላ ቀንበር ተሸክሞ ዝም ብሎ ያርሳል። ሙክትም ያው ነው። ጮማ የሚያወጣው ከተኮላሸ በኋላ ነው። ጀርመን አገር ጎቲንገን ውስጥ በርቶልድ የሚባል ሳይንቲስት በ1849 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በዶሮ አሳየ። የዘር ፍሬያቸው የወጣ ወንድ ጫጩቶች ሲያድጉ እንደ አውራ ዶሮ አልጮኹም፣ አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋም አልፋፋም። ፍሬው ተመልሶ ሆዳቸው ውስጥ የተተከለላቸው ግን እንደ ማንኛውም አውራ ዶሮ ጮኹ፣ ተደባደቡም። ከፍሬው ወጥቶ በደም የሚዞር አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ያ ነገር ተነጥሎ ወጥቶ ቴስቶስትሮን የሚል ስም ያገኘው በ1935 እ.ኤ.አ. ነው።

ዕድሜ ግን ማንንም እንደ ሙክት አያኮላሽም። ይህን የምለው በግምት አይደለም። ስምንት የአውሮፓ ከተሞች ውስጥ ከ40 እስከ 79 ዓመት የሆናቸው 3,369 ወንዶች ተመርምረው ውጤቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ነበር። ድካም፣ ቁጣ፣ የፍላጎት መቀነስ ያለበት ሞልቷል። ሆርሞኑ በምርመራ ዝቅ ያለ፣ ሦስቱም የወሲብ ምልክቶች አብረው የተገኙበት ሰው ግን 2 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ሦስቱ ምልክቶች ፍላጎት ማጣት፣ በግንኙነት ጊዜ አለመቆም፣ ጠዋት ከእንቅልፍ ስትነሳ የነበረው መቆም መቅረቱ ናቸው። ሦስተኛውን አልጻፍክልኝም። እሱን ለሐኪምህ ሳታፍር ንገረው። ጠዋት ጠዋት እንደ ድሮው ከሆነ ብዙ ነገር ይነግረናል፤ ፍሬህም ነርቭህም ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ያልጻፍክልኝን ልገምት። የጅቡቲ መስመር ሾፌር ብዙ አክሜያለሁ። ሌሊት ለመንዳት ጫት አለ። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ አለ። ከዚያ ጋቢና ውስጥ ሦስት ወይም አራት ሰዓት እንቅልፍ፣ እሱም ሞተር እየጮኸ። ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ፤ ካልተሳሳትኩ ግን ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ቴስቶስትሮን በብዛት የሚመረተው ተኝተህ ሳለህ ነው። ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 10 ጤነኛ ወጣቶችን ለአንድ ሳምንት በቀን አምስት ሰዓት ብቻ አስተኝተው ነበር። የቀን ሆርሞናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ወረደ። ዕድሜ በአሥር ዓመት የሚወስደውን በሳምንት አጡት ማለት ነው። እነሱ ደግሞ 20ዎቹ ውስጥ ያሉ ልጆች ናቸው፣ ጫትም አልቃሙም።

ሌላም አለ። ባለቤትህን አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ታንኮራፋለህ? ስታንኮራፋ ድንገት ዝም ብለህ፣ ትንፋሽህ ተቋርጦ፣ ከዚያ እንደሰመጠ ሰው ተንፍሰህ ትነቃለህ? ግፊትና ቦርጭ ያለበት ሰው ላይ ይህ የተለመደ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሌሊቱን ለስምንት ሰዓት ያህል ተኝቶ ምንም እንዳልተኛ ሆኖ ይነሳል። የትንፋሹ መቋረጥ ሆርሞኑን ያወርዳል፣ ግፊቱን ይሰቅላል፣ ቁጡ ያደርጋል። አንተ ላይ ግን የሚያስፈራኝ ይህ አይደለም። ተሳቢ ይዘህ መሪ ላይ ማንቀላፋትህ ነው። መልሷ አዎ ከሆነ ከሁሉ በፊት እሱን ተመርመር።

ቦርጩም ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም። የሆድ ሥብ ቴስቶስትሮንን ወደ ሴት ሆርሞን ይለውጣል። ሆርሞኑ ሲያንስ ጡንቻ ይቀንሳል፣ ሥብ ይጨምራል፤ ሥቡ ደግሞ መልሶ ሆርሞኑን ያሳንሳል። አዙሪት ነው። ደግነቱ ወደ ኋላም ይዞራል። ክብደት የቀነሱ ወንዶች ያለ ምንም መርፌ ሆርሞናቸው ከፍ ይላል። ሾፌር የት ሄዶ ስፖርት ይሠራል እንዳትለኝ። ወረፋ ስትጠብቅ ከመኪናው ጥላ ሥር ተነስተህ ተራመድ። ሚሌ ላይ በቀትር ተራመድ አላልኩህም፣ ማታ ሲበርድ።

ወደ ግፊቱ መድኃኒት ልምጣ። አንዳንዱ የግፊት መድኃኒት፣ በተለይ የሚያሸናው ዓይነትና የልብ ምትን የሚያዘገየው ዓይነት፣ ለመቆም ችግር ይዳርጋል። የጀመርክበትን ጊዜና ችግሩ የመጣበትን ጊዜ አስተያይ። ግን አደራህን፣ በራስህ እንዳታቆም። ይህን ምክንያት ሰምተው ክኒናቸውን የጣሉ፣ ከዚያ ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኖ የመጡ ሰዎች አውቃለሁ። የጻፈልህ ሐኪም ጋ ሄደህ «ይህን አድርጎብኛል» በለው። ሌላ ዓይነት አለ፣ ይቀይርልሃል።

የብልት ችግር ሌላም ነገር ይናገራል። ደም ወደ ብልት የሚወስዱት ቧንቧዎች ስፋታቸው 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ነው። የልብ ቧንቧዎች 3 ወይም 4 ይሆናሉ። ኮሌስትሮል፣ ስኳርና ሲጋራ ሁለቱንም ያጠባሉ። ቀድሞ የሚዘጋው ግን ጠባቡ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ወንድ ደረቱን ከማመሙ ዓመታት ቀድሞ አልጋ ላይ ምልክት ያየዋል። 48 ዓመት፣ ግፊት፣ ቦርጭ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መዋል። እኔ ብሆን ሆርሞኔን ከመለካቴ በፊት ስኳሬንና ኮሌስትሮሌን እለካ ነበር። ስኳር ራሱ ቴስቶስትሮን ያወርዳል። አንተም ታውቃለህ፤ መኪና ጉልበት ሲያንሰው ጥሩ መካኒክ ፓምፕ ከመቀየሩ በፊት ፊልትሮውን ነው የሚያየው።

እንግዲህ ሆርሞኑንም እንለካው። ይህን ሳወራ የራሴን ጉድ ልንገርህ። 52 ዓመቴ ላይ እኔም እንዳንተ ሆኜ ነበር። ድካም፣ ንጭንጭ። ሌሊት ተረኛ ሆኜ አድሬ፣ ቀኑን ሙሉ በሽተኛ አይቼ፣ ምሳ በልቼ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ «እስቲ ልለካው» ብዬ ደም ሰጠሁ። 270 ናኖግራም በዴሲሊትር ወጣ። አብዛኛው ላቦራቶሪ 300 እና ከዚያ በላይ ነው ደህና የሚለው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ውጤቱን አይቶ እዚያው «መርፌ ልጻፍልህ?» አለኝ። ልቀበለው ምንም አልቀረኝም ነበር። ሐኪም መሆን ከፍርሃት አያድንም።

ስህተቱ የእኔው ነው፣ ተማሪ ሳለሁ የተማርኩትን ረስቼ ነው። ይህ ሆርሞን ጠዋት ከፍ ብሎ ወደ ማታ ይወርዳል። መለካት ያለበት ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ምግብ ሳይቀመስ፣ እንቅልፍ ተጠግቦ፣ ሰውየው ጉንፋንም ወባም ሳይኖርበት። ዝቅ ካለ በሌላ ቀን ጠዋት ይደገማል። አንድ ውጤት ውጤት አይባልም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሄጄ ስለካው 365 ሆነ። ያን ዓመት ሌሊት ተረኝነት ቀነስኩ። ንጭንጩ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ባለቤቴ እሱ የተፈጥሮህ ነው ትላለች።

አንተም እንደዚያ አድርግ። ከመንገድ በተመለስክ ማግስት አትሂድ። ሁለት ሌሊት ቤትህ ተኛና በሦስተኛው ጠዋት ሂድ። ሁለት ጊዜ ዝቅ ካለ ሐኪሙ ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ የምትልከውን ሆርሞንም ያያል። ችግሩ ከፍሬው ይሁን ከላይ ከአዛዡ የሚለየው በእሱ ነው። ጎረምሳ ሳለህ ጆሮ ደግፍ ይዞህ ፍሬህ አብጦ ከነበረ ንገረው፤ የዚያ ጠባሳ ይቀራል። የእንቅርት ዕጢህንም ያይልህ። ድብርትም እንዲሁ እንደ ሆርሞን እጥረት ይመስላል። ወንድ ሲደበተው አያለቅስም፣ ይቆጣል። ልጆቹ ላይ የምትጮኸው ከዚያም ሊሆን ይችላል።

መርፌው የት ይገኛል ላልከኝ፣ በሐኪም ማዘዣ ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ለሚገባውም ሰው ጥሩ መድኃኒት ነው። ሁለት ጠዋት ተለክቶ በእርግጥ ዝቅ ያለ፣ ምልክቱም ያለበት ሰው ሲጀምር ፍላጎቱ ይመለሳል፣ ስሜቱም ይሻሻላል። ለልብ አደገኛ ነው ይባል ነበር። ከ5,200 በላይ የልብ ሕመም ያለባቸው ወይም የሚያሰጋቸው ወንዶች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት በ2023 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክ እንዳልጨመረ አሳየ። ነገር ግን የልብ ምት መዛባት፣ ሳንባ ውስጥ ደም መርጋትና የኩላሊት ጉዳት ጨምሮ ታይቷል። ደምንም ያወፍራል። ስለዚህ መርፌውን የሚወጋ ሰው ደሙንና ከፊኛ ሥር ያለውን ፕሮስቴት የሚባል ዕጢ በየጊዜው ማስመርመር አለበት። ለአንድ ዙር ሎግያ ተወግተህ የምትሄድበት ነገር አይደለም።

መንገድ ላይ የሚሸጡትን ክኒኖችና «ለወንድ ኃይል» የሚባለውን የታሸገ ማርም ተጠንቀቅ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2022 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ የማር ምርቶችን መርምሮ ሳይጻፍባቸው የተደበቀ የቪያግራ ዓይነት መድኃኒት አግኝቶባቸዋል። ቪያግራ በራሱ መጥፎ አይደለም፣ ሐኪም ካዘዘው ላንተም ሊሆን ይችላል። ለደረት ሕመም ናይትሬት የሚባል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ከወሰደው ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል።

ጥያቄ፦

ሰላም ዶክተር። የምጽፈው ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለቤቴ 44 ዓመቱ ነው። እዚህ ቴሌቪዥኑ ሁሉ የቴስቶስትሮን ማስታወቂያ ነው። ድካም አለኝ ብሎ አንድ ክሊኒክ ሄዶ ስምንት ወር ሆኖታል፣ በየሳምንቱ ራሱን ይወጋል። እውነቱን ለመናገር ሰውነቱ አምሮበታል። ችግሩ፣ ሁለተኛ ልጅ ብለን ስንሞክር ዓመት ሊሞላን ነው፣ ምንም የለም። እኔ 37 ነኝ። ሐኪሜ እኔ ደህና ነኝ ብላኛለች። ሊያያዝ ይችላል?

እናት፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦

እህቴ፣ ሊያያዝ ብቻ ሳይሆን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት እሱ ነው። ክሊኒኩ መርፌውን ሲጀምርለት «ልጅ መውለድ ትፈልጋለህ ወይ?» ብሎ ሊጠይቀው ይገባ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከውጭ ቴስቶስትሮን ሲገባ አንጎል «በቂ አለ» ይልና ለፍሬው የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል። ትእዛዙ ሲቆም ፍሬው የራሱን ሆርሞንም የወንድ ዘርም ማምረት ያቆማል። ብዙ ሰው ኃይል የሚሰጥ ነገር ዘርንም የሚጨምር ይመስለዋል። የተገላቢጦሽ ነው። እንዲያውም የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ የሳምንት መርፌ እንደ ወንድ የወሊድ መከላከያ ፈትኖት፣ በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት አብዛኞቹ ወንዶች ዘራቸው ዜሮ ደርሶ ነበር። ባለቤትሽ ሳያውቀው የወሊድ መከላከያ ላይ ነው ማለት ነው።

አይዞሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። መርፌው ከቆመ በኋላ ከስድስት ወር እስከ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ግን ድንገት ካቆመ በመሀሉ በጣም ይደክመዋል፣ ይደብተዋል። ስለዚህ የዚያ ክሊኒክ ደንበኛ ሆኖ ከሚቀጥል የወንድ መካንነት የሚያይ የዩሮሎጂ ሐኪም ጋ ይሂድ። መጀመሪያ የዘር ምርመራ ያሠራ። ፍሬው እንዲነቃ የሚያደርጉ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ። ዕድሜሽ 37 ስለሆነ ቀጠሮውን አታዘግዩት። ስለ ድካሙም ከመርፌው በፊት ሁለት ጊዜ ጠዋት ተለክቶ እንደነበር ጠይቂው። ብዙዎቹ አልተለኩም።

ጥያቄ፦

የተከበሩ ዶክተር፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ 61 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ደሴ ነው። ሁለት ጥያቄ አለኝ። የዓመቱን አጽዋማት ሁሉ እጾማለሁ። ጾም የወንድ ሆርሞን ይቀንሳል የሚሉ ወጣቶች ሰማሁ፤ እውነት ነው? ሁለተኛው፣ ባለቤቴ አብሽ በማር አድርጋ ትሰጠኛለች፣ ለወንድ ጥሩ ነው ብላ። ሌሊት ለሽንት አራት ጊዜ ስለምነሳ እሱንም ያቆማል ትላለች።

መምህሩ፣ ከደሴ

መልስ፦

መምህር፣ እርስዎ ጾምዎን ይጹሙ። እንግሊዝ አገር ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ፈጽሞ የማይበሉ ወንዶች ተለክተው ቴስቶስትሮናቸው ሥጋ ከሚበሉት አላነሰም። ሽሮና ምስሩን በደንብ ይብሉ፣ ክብደትዎም በጾም ብዛት እንዳይወርድ ይጠብቁ። ሆርሞን የሚያወርደው ረኃብ ነው እንጂ የጾም ምግብ አይደለም። ወጣቶቹን እንዲህ ይበሉልኝ።

ስለ አብሹ፣ ትንንሽ ጥናቶች ተደርገዋል፤ አንዳንዱ ጥሩ ይላል፣ አንዳንዱ ምንም አላየሁም ይላል። ጥናቶቹም የፈተኑት በክኒን መልክ የተሠራውን ጭማቂ ነው እንጂ በብርጭቆ የሚጠጣውን አብሽ አይደለም። ለሆድ ይስማማዎታል፣ ጣዕሙንም ከወደዱት ይጠጡ።

ሌሊት አራት ጊዜ መነሳት ግን የአብሽ ጉዳይ አይደለም። በእርስዎ ዕድሜ ፕሮስቴት ያብጥና የሽንት መውጫውን ያጠባል። ስኳርም ሌሊት ያስነሳል። ሁለቱንም በአንድ ጠዋት ማስመርመር ይቻላል። ሲሄዱ ሽንቱ እየቆራረጠ ይወርድ እንደሆነ፣ ጨርሰው ሲነሱ የቀረ እየመሰለዎት እንደሆነ፣ ደም አይተው እንደሆነ ይንገሩ። ሽንት ፈጽሞ እምቢ ካለዎት ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ይሂዱ። እስከዚያው ከራት በኋላ ሻይና ጠላ ይቀንሱ። የስኳሩ ውጤት እስኪመጣ ድረስም አብሹን ያለ ማር ይጠጡት።